ዶሮው የማን ነው? (የአሜሪካ ገበሬ ገበያውን ሁለት ጊዜ ያጣበት ታሪክ)

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከቢሾፍቱ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ በቴሌግራም አንድ ወረቀት ልኬልሃለሁ። እስቲ አንብበውና ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ ንገረኝ" አለኝ።

ወረቀቱ የውል ረቂቅ ነው። አንድ ድርጅት የአንድ ቀን ጫጩት ያመጣለታል፣ መኖ ያቀርብለታል፣ መድኃኒትና ባለሙያ ይልክለታል፣ ዶሮው ሲደርስ ደግሞ መጥቶ ይረከበዋል። የእሱ ድርሻ ቤቱን መሥራት፣ ውሃና መብራት ማስገባት፣ ሌት ተቀን ቆሞ ማሳደግ ነው። ለቤቱ ማሠሪያ ከባንክ ይበደራል። መያዣው ሟች አባቱ የተዉለት ቤት ነው።

"ገበያ ፍለጋ መንከራተት ቀረ እኮ ጋሼ!" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያለው ደስታ አሳዘነኝም፣ አስፈራኝም።

ያስፈራኝ ያንን ወረቀት ስለማውቀው ነው። እኔ አሜሪካ ውስጥ ትራክ ነጂ ነኝ፤ ሪፈር ነው የምጎትተው። ከአርካንሳስና ከጆርጂያ ዶሮ፣ ከካንሳስና ከነብራስካ የበሬ ሥጋ እየጫንኩ ዓመታት አልፈዋል። ከሃይዌይ ወጣ ስትሉ ረጃጅም፣ ዝቅ ያሉ፣ መስኮት አልባ ቤቶች ተደርድረው ታያላችሁ። የዶሮ ቤቶች ናቸው። የጫኝ ተራ እስኪደርሰኝ አራት አምስት ሰዓት ስጠብቅ ከማንበብ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ፣ "እነዚህ ቤቶች የማን ናቸው?" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቤቶቹ የገበሬው ናቸው። ዕዳውም የገበሬው ነው። ዶሮው ግን የገበሬው አይደለም።

ለልጁ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንን ሳወራው ካርድ አለቀ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ሌሎቻችሁም ዘመድ አዝማድ በዚህ ሥራ ውስጥ ካላችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

፩. ቺካጎ

በ1865 በገና ቀን ቺካጎ ውስጥ አንድ ግዙፍ የከብት ገበያ ተከፈተ። ዩኒየን ስቶክ ያርድስ ይባል ነበር። የባቡር ሐዲዱ ሁሉ ወደዚያ ያመራል። ከየሜዳው የመጣው ከብት፣ በግና አሳማ በረቱን ይሞላዋል። የገበሬው ወኪል አጥሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ ገዢዎች በፈረስ እየዞሩ ዋጋ ይጠራሉ። እስከዚህ ድረስ የእኛን አገር የከብት ተራ ብታስቡ አትሳሳቱም። የአንዱ ዋጋ ካልጣመህ "እምቢ" ብለህ ሌላውን ትጠብቃለህ።

ነገሩን የለወጠው በረዶ ነው። ቀድሞ ከብቱ በቁሙ ነበር ወደ ምሥራቅ ከተሞች በባቡር የሚጫነው። መንገድ ላይ ይከሳል፣ ይሞታል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ቆዳ፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ነው፤ ለዚህም ጭምር የጭነት ይከፈላል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ጉስታቨስ ስዊፍት የሚባል የከብት ነጋዴ በበረዶ የሚቀዘቅዝ የባቡር ፉርጎ አሠራ። ከዚያ በኋላ ቺካጎ ላይ አርዶ ሥጋውን ብቻ መላክ ተቻለ። የየከተማው ሉካንዳ ቤት በዋጋ ሊቋቋመው አልቻለም።

ልብ በሉ፣ ይህ በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም። ሥጋ ረከሰ፣ ድሃውም በላ። ችግሩ ፉርጎው፣ የበረዶ ማደሻ ጣቢያውና በየከተማው ያለው ማቀዝቀዣ መጋዘን በጥቂት ሰዎች እጅ መግባቱ ነው። ስዊፍት፣ አርመር፣ ሞሪስና ጥቂት ሌሎች አገሩን ተቆጣጠሩት። የቺካጎው በረት እንደ ድሮው በከብት ይሞላል፤ ገዢዎቹም እንደ ድሮው በፈረስ ይዞራሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የጠራውን ዋጋ ሁለተኛውም ሦስተኛውም አይጨምሩበትም። መንግሥት በኋላ ፍርድ ቤት የከሰሳቸው በዚሁ ነው፦ አንዱ በሌላው ላይ ዋጋ ላይጨምር ተስማምተዋል ብሎ።

ገበሬው ጮኸ። በ1888 የአሜሪካ ሴኔት በሚዙሪው ሴናተር ጆርጅ ቬስት የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1890 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት ሼርማን አክት የተባለው የመጀመሪያው የፌደራል ፀረ ሞኖፖል ሕግ ጸደቀ። ኩባንያዎቹ ግን አልደነገጡም። ጭራሽ በ1903 ሦስቱ ትልልቆች ናሽናል ፓኪንግ የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1905 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስዊፍት ጉዳይ ለመንግሥት ፈረደ። በ1906 የአፕተን ሲንክሌር "ዘ ጃንግል" የተሰኘው ልብ ወለድ ወጣና አገር ተናወጠ። የሥጋ ምርመራ ሕግም ታወጀ። ያ ሕግ ግን የጠበቀው የበላተኛውን ሆድ ነው፤ ከብት ሻጩ ስንት ያገኛል የሚለው ጥያቄ እዚያው ቀረ።

በ1917 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የፌደራል ንግድ ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዙ። ኮሚሽኑ አምስት ኩባንያዎችን ለይቶ አወጣ፦ ስዊፍት፣ አርመር፣ ሞሪስ፣ ከደሂና ዊልሰን። የያዙት ቄራውን ብቻ አልነበረም። የከብት ገበያዎቹ ባለድርሻ እነሱ ናቸው፣ የፉርጎዎቹ ባለቤት እነሱ ናቸው፣ የመጋዘኑም እንዲሁ፤ ሥጋ ወዳልሆነ የምግብ ንግድም እየገቡ ነበር። ከብትህን የምትሸጥበት ሜዳ የገዢህ ከሆነ ምን ትላለህ?

በ1920 ኩባንያዎቹ ከከብት ገበያ ባለቤትነትና ከሌላው የምግብ ንግድ ለመውጣት በፍርድ ቤት ስምምነት ፈረሙ። በ1921 ደግሞ ፓከርስ ኤንድ ስቶክያርድስ አክት የሚባለው ሕግ ወጣ። ሕጉ በቀላል አማርኛ ሲቀመጥ፣ ሥጋ አቀነባባሪው ገበሬውን እንዳያታልል፣ እንዳያዳላበት፣ ዋጋ ለመስበር እንዳይዶልትበት ይከለክላል።

ሠራ ወይ? በአንድ ጀምበር አልሠራም። በ1923 አርመር ሞሪስን ዋጠው፣ ማንም አላስቆመውም። ነገር ግን ቀስ በቀስ ገበያው ተከፈተ። ትራክና አስፋልት መጡ፣ አዳዲስ ቄራዎች በየገጠሩ ተከፈቱ፣ ገበሬው በየአካባቢው ጨረታ አገኘ። ስልሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ1980፣ አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚያርዱት የደለበ ከብት ከጠቅላላው 36 በመቶ ነበር። ቀሪው 64 በመቶ ማለት ለገበሬው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አሥረኛ ገዢ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዙር ይኸው ነው። ሰዉ ጮኸ፣ መንግሥት ሰማ፣ በሩ ተከፈተ። ሁሉም ዓይኑን በሬው ላይ ጥሎ ሳለ ግን ሌላ ነገር በዶሮ በኩል እየመጣ ነበር።

፪. ዶሮዋ

ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ለሥጋ ተብሎ ዶሮ የሚያረባ ሰው ብርቅ ነበር። ዶሮ የእንቁላል ነገር ነው። የሴቶች የጓሮ ሥራ ነው፣ ልክ እንደ እናቶቻችን። በ1923 ዴላዌር ውስጥ ኦሽን ቪው በምትባል መንደር ሲሲል ስቲል የምትባል ሴት ለእንቁላል 50 ጫጩት አዘዘች። በስህተት 500 መጣላት። ሴትዮዋ አልመለሰችም። አሳደገቻቸውና የተረፉትን 387 ዶሮዎች ለሥጋ በፓውንድ 62 ሳንቲም ሸጠች። ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 1,000 አዘዘች፤ በ1926 ደግሞ 10,000 የሚይዝ ቤት ነበራት። ጎረቤት ሁሉ ተከተላት። ጫጩቱን ራሷ ገዝታ፣ መኖውን ራሷ መርጣ፣ ዋጋ ለሰጣት የሸጠች ነጻ ገበሬ ነበረች። ታሪኩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ የ1930ዎቹ ድቀት መጣ። ጆርጂያ ውስጥ ጌይንስቪል ላይ ጄሲ ጁወል የሚባል መኖ ነጋዴ ነበር። መኖ አለው፣ ገበሬው ግን መግዣ የለውም። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣ፦ ጫጩቱንም መኖውንም በዱቤ ይሰጣል፤ ዶሮው ሲደርስ ራሱ በመኪና ሰብስቦ ይሸጥና ዱቤውን ቀንሶ ለገበሬው ድርሻውን ይከፍላል። ጥጥ ከስሮ የሚበላው ላጣ ገበሬ ይህ የእግዜር ስጦታ ነበር። ስለ ጁወል ክፉ ላወራ አልፈልግም፤ እዚያ ብሆን እኔም እፈርም ነበር።

ቀጥሎ ግን ጁወል ማስፈልፈያ አቋቋመ። ከዚያ ማረጃ። ከዚያ የራሱን መኖ ፋብሪካ። ከእንቁላል እስከ ታሸገ ሥጋ ያለው ሰንሰለት በአንድ እጅ ገባ። አርካንሳስ ውስጥ ስፕሪንግዴል ላይ ጆን ታይሰን የተባለ ሰውም በዚያው ዘመን የገበሬ ዶሮ በትራክ እየጫነ ካንሳስ ሲቲና ቺካጎ ድረስ ይሸጥ ነበር። እንደ እኔ ሹፌር ነበር ማለት ነው! እሱም ማስፈልፈያና መኖ ጨመረበት። የዛሬው ታይሰን ፉድስ ከዚያ ትራክ ነው የተነሣው።

በ1934 አሜሪካ ለሥጋ ያረባችው 34 ሚሊዮን ዶሮ ነበር። ዛሬ በዓመት 9 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚያድገው በውል ነው። ሲሲል ስቲልን የመሰለ ገበሬ ከዚህ ሥራ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

አሁን ውሉን ልንገራችሁ። ጫጩቱ የኩባንያው ነው። መኖው የኩባንያው ነው። መድኃኒቱ፣ የሚመጣበት ቀን፣ የሚሄድበት ቀን፣ ሁሉም የኩባንያው። የገበሬው የሆነው ምንድን ነው? መሬቱ፣ ቤቱ፣ የመብራትና የጋዝ ሂሳቡ፣ የሞተው ዶሮ፣ ኩሱና የባንክ ዕዳው። አንድ ቤት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ አንድ ገበሬ ደግሞ አራትም ስድስትም ይሠራል። ክፍያው በፓውንድ ጥቂት ሳንቲም ነው።

እሱም ሳንቲም ቁርጥ አይደለም። "ውድድር" የሚሉት አሠራር አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዶሮ ያስረከቡ ገበሬዎች በወጪያቸው ተመዝነው ደረጃ ይወጣላቸዋል። ትንሽ መኖ አብልቶ ብዙ ሥጋ ያወጣ ከአማካዩ በላይ ይከፈለዋል፤ ከአማካዩ በታች የሆነው ይቆረጥበታል። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ግን ደካማ ጫጩት የላከብህ ኩባንያው ነው። መኖውን ያዘገየብህም እሱ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የአንተ ጉርሻ ከጎረቤትህ ኪስ የሚወጣ መሆኑ ነው። ድሮ ገበሬ ለገበሬ መላ ይነጋገር ነበር። እዚህ ግን ጎረቤትህን ብልሃት ካስተማርከው ራስህን ትጎዳለህ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን እኛ፤ ይህ አሠራር ግን ድሩን አንድ በአንድ የሚበጥስ ነው።

እኛ አገር የርቢ የሚባል ልማድ አለ። ላም ወይም በግ ያለው ሰው ለሌለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያረባል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። ባለከብቱ ሀብታም፣ አርቢው ድሃ ሊሆን ይችላል። ግን ከብቱ ሲበዛ ሁለቱም ይበዛላቸዋል። የአሜሪካው የዶሮ ውል ይህችን መካፈል ነው ያወጣት። ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ፣ በገዛ ዕዳው፣ የሰው ዶሮ ይጠብቃል።

"ካልተስማማው ለሌላ ኩባንያ ይሥራ" የሚል አይጠፋም። በ2011 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አርቢዎቹን ራሳቸውን ጠይቆ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ያህል "በአካባቢዬ ያለው ኩባንያ አንድ ብቻ ነው" አለ። ሌላ 30 በመቶ ያህሉ "ሁለት ብቻ" አለ። ዶሮ እንደ ጤፍ ተጭኖ ሩቅ አገር አይሄድም፤ ማረጃው ቅርብ መሆን አለበት። ስለዚህ ያ አንድ ኩባንያ ሲቆጣህ የምትሄድበት የለህም። በ2010 የፍትሕና የግብርና መሥሪያ ቤቶች አላባማ ላይ የአርቢዎች መድረክ ሲያዘጋጁ፣ ብዙዎቹ መጥቶ መናገር ራሱ ፈርተው እንደነበር ተነግሯል። ቢናገሩ የሚቀጥለው ጫጩት ላይመጣ ይችላላ!

፫. አራቱ ተመለሱ

ወደ በሬው ልመልሳችሁ። በ1960 አዮዋ ውስጥ አዮዋ ቢፍ ፓከርስ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ በኋላ አይቢፒ ተባለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከብቱን ቺካጎ ድረስ ከማምጣት ቄራውን ማድለቢያው ደጃፍ መሥራት፤ የሠለጠነ ሥጋ ቆራጭ ከመቅጠር ሥራውን በታትኖ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቅርፊት ማስያዝ። በ1967 ደግሞ ሥጋውን ቆራርጦ በካርቶን አሽጎ መላክ ጀመረ። ወጪው ወረደ፣ የሠራተኛውም ደሞዝ አብሮ ወረደ። ዛሬ እዚያ መስመር ላይ ቢላ ይዞ የሚቆመው በአብዛኛው ስደተኛ ነው፤ ከእኛም ልጆች ያለፉበት ስንቱ! የቺካጎው ገበያ በ1971 ተዘጋ።

ታዲያ ያ የ1921 ሕግ የት ሄደ? አልተሻረም፤ ዛሬም አለ። የተለወጠው አስተያየቱ ነው። በ1980ዎቹ ዳኞችና መንግሥት የኩባንያዎችን ውህደት የሚመዝኑት "ለሸማቹ ዋጋ ይጨምራል ወይ?" በሚል ብቻ ሆነ። ሻጩ ገበሬ ከሚዛኑ ወጣ።

አንድ ታሪክ ይበቃል። ኮሎራዶ ውስጥ ግሪሊ የምትባል ከተማ ሞንፎርት የሚባል የሥጋ ኩባንያ ነበር፤ ከአገሪቱ አምስተኛው። ሁለተኛው ትልቅ፣ የካርጊሉ ኤክሰል፣ ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል ሞንፎርት "ይህ እኛን ያጠፋል" ብሎ ከሰሰ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ፈረዱለት። በ1986 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "በዋጋ ፉክክር መጎዳት በፀረ ሞኖፖል ሕግ የሚያስከስስ ጉዳት አይደለም" ብሎ ሻረበት። በዓመቱ ሞንፎርት ራሱ ለኮንአግራ ተሸጠ። ኮንአግራ የሥጋ ሥራውን ሲለቅ ኩባንያው ስዊፍት በሚለው አሮጌ ስም ወጣ። አዎ፣ በ1905 የተከሰሰው ያው ስም! በ2007 ደግሞ ስዊፍትን የብራዚሉ ጄቢኤስ ገዛው። ታይሰን በ2001 አይቢፒን ወስዶ ነበር። የዶሮው ጌታ የበሬውም ጌታ ሆነ።

በ1980 36 በመቶ የነበረው የአራቱ ድርሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ 80 በመቶ ደረሰ። ዛሬ ታይሰን፣ ጄቢኤስ፣ ካርጊልና ናሽናል ቢፍ 85 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ከ1921 በፊት ገበሬውን ያስጮኸው ዓይነት ኃይል ተመለሰ ማለት ነው፤ አሁን ግን ጩኸቱን የሚሰማ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ጯሂው ራሱ አልቋል።

መጥፋቱን በአሳማው እዩት፤ እኛ ባንበላውም ቁጥሩ ያስተምራል። በ1980 አሜሪካ ውስጥ አሳማ የሚያረቡ ከ660,000 በላይ እርሻዎች ነበሩ። ዛሬ 60,000 ገደማ ናቸው። የአሳማው ቁጥር ግን አልቀነሰም። በታኅሣሥ 1998 ዋጋው ድንገት ተሰብሮ 100 ፓውንድ የሚመዝን፣ ማለትም 45 ኪሎ ያህል፣ ከ10 ዶላር በታች የተሸጠበት ጊዜ ነበር። ገበሬው በልጅነቱ ከአባቱ የወረሰውን በረት ዘጋ። ሱፐርማርኬት ላይ ግን የሥጋው ዋጋ በዚያው ልክ አልወረደም። መሃል ላይ ያለው ልዩነት የማን ኪስ እንደገባ ማሰብ ነው።

የከብት አድላቢዎችም ፍርድ ቤት ሞክረዋል። ታይሰን ቀድሞ በውል በያዘው ከብት እየተጠቀመ የቀኑን ገበያ ዋጋ ያወርድብናል ብለው ከሰሱ። በ2004 አላባማ ውስጥ ሞንትጎመሪ ላይ ዳኝነት የተቀመጡ ተራ ዜጎች 1.28 ቢሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። ዳኛው ግን ውሳኔውን ሻሩት፤ ይግባኝ ሰሚው አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2006 አላየውም አለ።

በነሐሴ 2019 ካንሳስ ውስጥ ሆልኮምብ ላይ አንድ የታይሰን ቄራ ተቃጠለ። በቀን 6,000 ያህል ከብት የሚያርድ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት የሆነውን ልብ በሉ፦ የከብቱ ዋጋ ወረደ፣ የሥጋው ዋጋ ወጣ። ገበሬው ረክሶበት፣ በላተኛው ተወድዶበት። ቄራው ጥቂት ሲሆን አንድ እሳት ይህን ያህል ያናውጣል።

፬. የቀሩት ቤቶች

በ2023 ታይሰን በርካታ የዶሮ ፋብሪካዎችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከእነሱ መካከል ሁለቱ ሚዙሪ ውስጥ ኖኤልና ዴክስተር በሚባሉ ትናንሽ ከተሞች ያሉት ነበሩ። ኩባንያው የተሰላ የንግድ ውሳኔ ወሰነ፤ መብቱ ነው። ሠራተኛው አዝኖም ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እኔም ጭነቴን ከሌላ ቦታ እጭናለሁ። የዶሮ ቤቱ ግን አይሄድም። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ መስኮት አልባ ቤት ለዶሮ እንጂ ለሌላ ብዙም አይሆንም። ባንኩ ደግሞ "ኩባንያህ ሄዷል፣ ተወው" አይልም። ዴክስተር አካባቢ የነበሩ አርቢዎች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል።

ሁሉም ጨለማ ነው አልልም። በ2022 የፍትሕ ሚኒስቴር ትልልቅ የዶሮ ኩባንያዎችን ከስሶ በስምምነት ሲጨርስ፣ ሁለቱ በውድድሩ ከኋላ የቀረውን ገበሬ ክፍያ መቁረጥ እንዲያቆሙ ተገድደዋል። የተጠቀሰባቸው ሕግ የትኛው መሰላችሁ? ያው የ1921ዱ! መቶ ዓመት አቧራ ጠጥቶ ዛሬም ይሠራል፤ የሚያነሣው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

፭. ለልጁ ያልኩት

አሁን ወደ ቢሾፍቱ።

ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ዝም አለ። ቀጥሎ "ጋሼ፣ ታዲያ አልፈርም?" አለኝ።

ቀላል መልስ ቢኖረኝ በወደድኩ። እሱ አምና በራሱ 300 ዶሮ አሳድጎ ነበር። መኖ ተወደደበት። ዶሮው የደረሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ማን ይገዛዋል? በኪሳራ ሸጠው። እኔ ከሩቅ ተቀምጬ "ነጻ ገበሬ ሁን" ብለው ነጻነቱን በምን ያበላዋል? የጄሲ ጁወል ገበሬዎችም የፈረሙት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ስለራባቸው ነው።

ስለዚህ "አትፈርም" አላልኩትም። አራት ነገር ጠየቅኩት።

"ይህ ድርጅት ነገ በቃኝ ቢል ዶሮውን ማን ይገዛሃል? መኖስ ከየት ታመጣለህ?" አልኩት። "እሱን አላሰብኩም" አለኝ።

"ጫጩቱ ሲገባና ዶሮው ሲወጣ የሚመዝነው ማን ነው? አንተ ቆመህ ታያለህ?" ውሉ ላይ አልተጻፈም።

"የባንኩ ብድር የስንት ዓመት ነው? የውሉስ?" ወረቀቱን ሲያገላብጥ ሰማሁት። ብድሩ አምስት ዓመት ነው። ውሉ አንድ ዓመት፤ ከዚያ በኋላ "በድርጅቱ ፈቃድ የሚታደስ"። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህች መስመር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዶሮ ቤት የጨረሰው ሰው ሁሉ የወደቀው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ብድሩ የስንት ዓመት ከሆነ ውሉም ቢያንስ ያንን ያህል ይሁን፤ ይህንን ሳያስጽፍ እንዳይፈርም ነገርኩት።

የመጨረሻው፣ "ከአንተ ሌላ ይህ ወረቀት የተሰጣቸው ስንት ናችሁ?"

"አሥራ ሁለት ነን ይላሉ።"

"ትተዋወቃላችሁ?"

"አይ፣ ለየብቻችን ነው የሚያነጋግሩን።"

"እንግዲህ መጀመሪያ ተዋወቁ" አልኩት። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሄዶ "የውሉን ዘመን አስተካክሉ፣ ሚዛኑ ላይ የእኛም ሰው ይቁም፣ የአንዳችንን ክፍያ ከሌላችን ጋር አታወዳድሩ" ቢል ድርጅቱ ይሰማል፤ አሥራ ሁለት የዶሮ ቤት ለእሱም ያስፈልገዋል። ከተሠራ በኋላ ግን አይሰማም። መኖውንም አንድ ላይ ሆናችሁ ከሌላ ቦታ ስንት እንደሚገኝ ጠይቁ፤ ባትገዙት እንኳ ዋጋውን ማወቃችሁ ይታወቅ። የአሜሪካ ገበሬዎች በ1922 በማኅበር ሆነው ምርታቸውን መሸጥ የሚፈቅድ ሕግ ለራሳቸው አስወጥተው ነበር። በወተት ብዙ ሠርተውበታል። በዶሮ ግን ሥጋው የእነሱ ስላልነበረ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም።

ትናንት መልሶ ደወለ። ከአሥራ ሁለቱ የሰባቱን ስልክ አግኝቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። አንደኛው ጭራሽ ፈርሞ መሠረት አስቆፍሯል። ድርጅቱ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል።

አክስቴ ስልኩን ነጥቃ "የቤቱ ካርታ ከሳጥኑ አልወጣም፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው" አለችኝ።

ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ወይም ሌላ ቦታ እንዲህ ዓይነት ውል ፈርማችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ የገጠማችሁን ጻፉልኝ። በግልጽ መጻፍ ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ይሁን፤ ስማችሁን አላወጣም። ከእሑድ በፊት ቢደርሰኝ ለልጁ አነብለታለሁ።

ሰላም ዋሉ።